አቦ፣ የእኛስ ሰዓት መቼ ነው?

አቦ ጀማዓ፣ ዛሬ ልናደድ ፍቀዱልኝ።

እናቴ በየቀኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የምታየው የቱርክ ድራማ ነበራት። ድሬ በ8 ሰዓት ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። ሱቁ ተዘግቷል። ባጃጁ ከዚራ ዛፍ ጥላ ስር ቆሞ ሹፌሩ እግሩን ሰቅሎ ተኝቷል። የሚቅመው በርጫው ላይ ነው፤ የማይቅመው ሽርጡን አገልድሞ ቬንትሌተር ስር ተዘርሯል። ከተማው በሙሉ ቤቱ ነው። ቴሌቪዥን ለማየት ከዚህ የተሻለ ሰዓት ከየት ይመጣል?

ባለፈው ሳምንት ድራማው ወደ ማታ 2፡30 ተዛወረ። ያለ ማስታወቂያ! ሲያስተዋውቁ የሚውሉት ሰዎች ለዚህች አንዲት መስመር አጡ። በቦታው የገባው የትናንት ማታ ቶክ ሾው ድጋሚ ነው።

ማታ 2፡30 ድሬ ውስጥ ማን ቤት ይቀመጣል? ሙቀቱ በረድ ሲል ነው እኮ ኑሯችን የሚጀምረው። በር ዘግቶ፣ ጋቢ ደርቦ ስክሪን ላይ የሚያፈጠው የአዲስ አበባ ሰው ነው። ብርድ አለበት፣ ምን ያድርግ።

ነገሩ አይገባኝም አልልም። ድራማ በነፃ የምናየው ስፖንሰር ስለሚከፍልልን ነው። የከፈለ ደግሞ ገዢው የት እንዳለ አይቶ ሰዓት ይመርጣል። ድሮ ከትልልቆቹ ከፋዮች አንዱ ቢራ ነበር። የእሁዱን ፕሮግራም ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ ቢራ ነበር የሚያቀርብልን። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጣ። መከልከሉን አልቃወምም፣ ልጆች አሉን። ግን ጣቢያዎቹ ሌላ ከፋይ ፍለጋ ወጡ፤ ዛሬ እኔ ቴሌቪዥን በከፈትኩ ቁጥር የማገኘው ሪል እስቴት ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ቢራው እዚህ ድሬ፣ መጋላም ሳቢያንም ሰፈር ይሸጥ ነበር፤ ስለዚህ የእኛም ዓይን ዋጋ ነበረው። አዲስ አበባ፣ ለቡ ላይ ያለ ባለ 3 መኝታ አፓርታማ ግን ለእናቴ ምኗ ነው? «ለቡ የት ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። ቅድሚያ ክፍያው ስንት በመቶ እንደሆነ ግን በቃሏ ይዛዋለች። ሳቢያን ላይ ቤት የሚያስተዋውቅ እስካሁን አንድም አላየሁም።

ደግሞ ቱርኮቹ አንዱን ክፍል ከ2 ሰዓት በላይ አርዝመው ነው የሚሠሩት። ለውጭ ሲሸጥ ይቆራረጣል፤ የተቆራረጠውን የእኛዎቹ በማስታወቂያ ይከትፉታል። ልጅቷ በሩን ከፈተች፣ ሪል እስቴት። ገባች፣ ባንክ። ማን እንደጠበቃት ለማወቅ ነገን መጠበቅ ነው።

ትናንት መላ ዘየድኩ። ከእኛው ከድሬው ታይዋን ገበያ የገዛሁትን ያንን ግንድ የሚያህል ቴሌቪዥን ተሸክሜ ግቢ አወጣሁ። ኤክስቴንሽን ከሳሎን በመስኮት ጎተትኩ። ጎረቤት ምንጣፉ ላይ ተሰብስቧል፣ ሻይ ቀርቧል። 2፡30 ሲሆን ማስታወቂያ ጀመረ። 2፡40፣ ማስታወቂያ። ሕፃናቱ ዘፈኑን ተቀብለው አብረው ይዘፍናሉ። ሴቶቹ ሰርግ ላይ ስለቀረ ሰው ሲያወሩ ድምፁ እየበለጣቸው ይጮኻሉ።

በመጨረሻ ድራማው ሲጀምር እናቴ ዞር ብላ «አንተ፣ ይህን ነገር ወደ ቤት መልስልኝ፣ ጨዋታችንን አቋረጠን» አለችኝ።