ጎልድ ነኝ

ሰሞኑን ቨርጂኒያ ውስጥ ክርስትና ተጠርተን፣ ክትፎው ገና ሳይቀርብ አንድ ወዳጄ "አንተ እስካሁን ብሉ ነህ እንዴ?" አለኝና ከንፈሩን መጠጠ። ብሉ የሸባ ማይልስ፣ ማለትም በበረርክ ቁጥር ማይል የሚባል ነጥብ የምታጠራቅምበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች ፕሮግራም፣ ዝቅተኛው እርከን ነው። ስሙን የሞላ ሁሉ ያገኘዋል። ከላዩ ሲልቨር፣ ጎልድና ፕላቲነም አሉ። እሱ ጎልድ ነው። ማንም አልጠየቀውም።

ምክሩንም ቀጠለ። አንዴ በኤምሬትስ፣ አንዴ በኳታር፣ አንዴ በኢትዮጵያ እየሄድክ ማይልህን በተንከው አለኝ። ልክ ነው፣ የሦስቱ አይደመርም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ይህን ተረት በጣም እወደዋለሁ። የተናገረው ሰው ሳይሞክረው አልቀረም። ዋሽንግተን ቢኖር ግን ይተወው ነበር። እዚህ ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ኡበር ያልሠራ ሰው ኪራዩን ማን ይከፍልለታል?

ጎልድ የሆነ ሰው አንድ ትርፍ ሻንጣ፣ በኪሎ በሚቆጠርበት መስመር ደግሞ 20 ኪሎ ይጨመርለታል። ለእሱ እንዳይመስላችሁ። የዘመድ ነው። ቲኬት መቁረጥህ እንደተሰማ "ኪሎ አለህ?" የሚል ስልክ ይደወላል። "ትንሽዬ ዕቃ ናት።" ትንሽዬዋ ዕቃ ማታ ስትመጣ የሕፃን ጋሪ ትሆናለች። ስትመለስ ደግሞ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በላስቲክ ላይ ላስቲክ የተጠቀለለ ቅቤ። አንዴ የሰው በርበሬ ሻንጣዬን ከ23 ኪሎ አሳለፈብኝ። ኤርፖርት ወለል ላይ ተንበርክኬ የራሴን ጫማ አውጥቼ ለሸኚዎቼ መለስኩ። የበርበሬው ባለቤት ሲረከበኝ ምን አለ? "ቀለም የለውም፤ ከየት ነው ያስፈጩት?" ይህን አልረሳሁም። አልረሳምም።

ቅድሚያ መሳፈርም አለ ይባላል። አገር ቤት በሚሄድ በረራ ላይ? ጥሪው ሳይጀመር ሕዝቡ ሁሉ ተነስቶ ቆሟል። ጎልዱ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያለ ይጋፋል። አውሮፕላኑ ርቆ ከቆመ ደግሞ ቀድሞ አውቶቡስ ውስጥ ይገባና፣ ሌላው እስኪሞላ ቆሞ ይጠብቃል።

ይሄ ያስቃል። የሚያናድደኝ ሌላው ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ የራሱን የማይል ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1981 ሲጀምር የሚቆጠረው የተበረረው ርቀት ነበር። በ2015 ዴልታና ዩናይትድ የሽልማት ማይሉን በተከፈለው ዶላር ማስላት ጀመሩ። ሸባ ማይልስም ቢሆን ለርካሽ ቲኬት የሚሰጠው ማይል ያንሳል። እናም መሥሪያ ቤቱ ከፍሎለት ቢዝነስ ክላስ ተዘርግቶ የሚተኛው ሰው ታማኝ ደንበኛ ተባለ። ቤሩት ወይም ጂዳ ሰው ቤት ሠርታ፣ ከደሞዟ ቆጥባ፣ በርካሿ ቲኬት እናቷን ልታይ የምትመጣዋ ልጅ ግን ብሉ እንኳ አይደለችም። አባል ሁኚ ያላት የለም። ማይሉ ከማን ጉልበት ይበልጣል?

ለማንኛውም፣ የቱን ልያዝ ለምትሉ፣ በየጊዜው አገር ቤት የምትመላለሱ ከሆነ አንዱን ያዙና ሙጭጭ በሉ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ይቺን ስሙ። ኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ስታር አሊያንስ የሚባለው፣ ዩናይትድም ያለበት የአየር መንገዶች ማኅበር ስለገባ፣ የሸባ ማይልስ ጎልድ የያዘ ሰው ከዋሽንግተን ቺካጎ በዩናይትድ ሲበር ዩናይትድ ክለብ የሚባለው የኤርፖርት ማረፊያ ሳሎን ገብቶ ቡናውን ይጠጣል። የዩናይትድ የራሱ ጎልድ ግን በአገር ውስጥ በረራ በዚያ ካርድ ብቻ አይገባም። ልጅ ደጅ፣ እንግዳ ሳሎን። ካርዱን ካገኛችሁ ስለ ትርፉ ሻንጣ ለዘመድ ትንፍሽ እንዳትሉ።