የአየርላንድ የፌስታል ቀረጥ የኤመን ራያን ሥራ አይደለም
በአየርላንድ የፌስታል ቀረጥ ያስጀመሩት የአረንጓዴ ፓርቲው ኤመን ራያን ናቸው የሚለው አባባል፣ ደጋግሞ ቢነገርም፣ ትክክል አይደለም። በአንድ ፌስታል 15 የዩሮ ሳንቲም የሚያስከፍለው ደንብ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በማርች 2002 ሲሆን፣ የወቅቱ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የፊያና ፎይል ፓርቲው ኖኤል ዴምፕሲ ነበሩ፤ ራያን ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡት ከዚያ በኋላ፣ በሜይ ወር ነው። ስህተቱ የመነጨው፣ ቀረጡ ወደ 22 ሳንቲም ያደገው በ2007 አረንጓዴዎቹ ጥምር መንግሥቱን በተቀላቀሉ ሰሞን ስለሆነ ይመስለኛል፤ ያኔም ቢሆን የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሩ የፓርቲ ባልደረባቸው ጆን ጎርምሊ እንጂ ራያን አልነበሩም፣ እርሳቸው የያዙት የኢነርጂና የኮሙኒኬሽን ዘርፉን ነበርና። ለራያን በትክክል ሊቆጠርላቸው የሚገባው፣ የበካይ ጋዝ ልቀት በ2030 ከ2018ቱ መጠን በ51 በመቶ እንዲቀንስ ግብ ያስቀመጠው የ2021 የአየር ንብረት ሕግ ነው።