የዓባይ ልጅ ሰልፍ ወጣ

የሰፈሬ ጡረተኞች በዘመናቸው ያልወጡት ሰልፍ የለም። ልጅ ሆነው ለጃንሆይ ባንዲራ ይዘው መንገድ ዳር ቆመዋል። በ1967 ለእድገት በኅብረት ዘምተዋል። በደርግ ጊዜ መስከረም 2 በመጣ ቁጥር ግራ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ ሰቅለዋል። «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!» እያሉ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ጮኸዋል። (ተፈጥሮ እስካሁን የሰማች አትመስልም።) ያኔ ቀበሌ ስም ይጠራ ነበር። የቀረ ሰው ስኳር እንዳማረው ይከርማል። ኢሕአዴግ ሲመጣ ደግሞ አንድ ለአምስት ተጠረነፉ። መጋቢት 24 ቀን 2003 የግድቡ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ደስ ብሏቸው ወጡ፤ ቦንድም ገዙ።

ለራሳቸው ጉዳይ ግን አንድ ቀን ወጥተው አያውቁም። ማን አዝዟቸው?

ይህን ታሪክ የቀየሩት ጋሽ መምህርና ሲስተር ናቸው። ባልና ሚስት ናቸው። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን አማርኛ አስተምረው፣ ሲስተር ደግሞ ሆስፒታል አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። ሰፈሩ በስማቸው አይጠራቸውም። እርስ በርሳቸውም ቢሆን «መምህር» እና «ሲስተር» ነው የሚባባሉት። ሲስተር ደኅና ቀን «አንተ» ይሏቸዋል። «እርስዎ» ካሏቸው ግን ተጣልተዋል ማለት ነው።

ጉዳዩ ውሃ ነው። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ባሕር ዳር ካለው ሰፈራችን ቆሞ ሲያዩት ዳርቻው አይታይም። ዓባይ ከዚሁ ከአፍንጫችን ሥር ይነሳል። የሐይቁ ውሃ በዋሻ በኩል ወደ በለስ ወርዶ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ተርባይን ያዞራል። ጋሽ መምህር ቤት ቧንቧው ሲከፈት የሚመጣው ግን አየር ነው። አየሩም ሥራ አልፈታም፤ ቆጣሪ ያዞራል።

ለነገሩ ከተማው የሚጠጣው ሐይቁን አይደለም። አረቄና ሎሚ ከሚባሉ ምንጮች፣ ከጉድጓድም ነው የሚሳበው። (አዎ፣ ምንጩ አረቄ ነው የሚባለው። የሰፈራችን ወንዶች በዚህ ላይ የሚሉት እዚህ አይጻፍም።)

ነገሩ የሆነው በ2011 ነው። ያኔ ሰው ሁሉ ሰልፍ የሚወጣበት ሰሞን ነበር። ዛሬ ሲያወሩት ተረት ይመስላል። የሰፈሩ ወጣቶች «እኛስ ምን ያንሰናል?» አሉና ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሰልፍ እንውጣ ተባለ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ውሃችን አንዳንዴም ቢሆን ትምጣልን።

ደብዳቤውን የጻፉት ጋሽ መምህር ናቸው። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ሰልፍ የሚጠራ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ ይላል። ያሳውቅ ነው እንጂ ያስፈቅድ አይልም። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ደብዳቤውን አየችና «ለፈቃዱ ሰኞ ይመለሱ» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ላሳውቅ ነው የመጣሁት። ማስፈቀድ አልመጣሁም።»

«እንዴት ማለት?»

ወንበር ስበው ተቀመጡና አንቀጽ በአንቀጽ አስረዷት። ማስረዳቱ ሲረዝም ማህተሙን መታችው። እንዲያ ያስተማሩት ብዙ ሰው አለ፤ ገብቶት ሳይሆን እንዲላቀቁት ብሎ የሚያልፍ።

ወሬው ልጆቻቸው ዘንድ ደረሰ። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው «አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ?» አለ። ዋሽንግተን ያለችው ሴት ልጃቸው ደግሞ እያለቀሰች ደወለች። እሷ በየጊዜው ባንዲራ ለብሳ ዋይት ሐውስ በር ላይ የምትጮህ ናት።

«እማዬ፣ እንዳትወጪ!»

«አንቺ እዚያ ለእኛ ስትወጪ ከርመሽ፣ እኛ እዚህ ለራሳችን ብንወጣ ምናለበት?» አሉ ሲስተር፤ ካርዱ ሳያልቅ ዘጉት። የደወለችው ልጅቱ መሆኗን የረሱ ይመስለኛል።

ዋዜማው ላይ መፈክር የሚጻፈው ጋሽ መምህር ሳሎን ነው። ልጆቹ የብስኩትና የሳሙና ካርቶን ቀድደው ጽፈው መጡ። ጋሽ መምህር መነጽራቸውን አደረጉ። ቀይ እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው ወጣ። አንዱ ካርቶን ላይ «ዉሀ»፣ ሌላው ላይ «ውሃ»፣ ሦስተኛው ላይ «ዉኃ» ይላል። ሁሉም ተሰረዘ። ሁሉም እንደገና ተጻፈ። ከዚያ ጥያቄ መጣ።

«አራት ነጥቡስ?»

«ጋሼ፣ መፈክር ላይ አራት ነጥብ አይደረግም።»

«ዓረፍተ ነገሩ አልቋል ወይስ አላለቀም?»

«አልቋል።»

«እንግዲያው ይደረጋል።»

የራሳቸውን መፈክር በቁም ጽሕፈት አሳምረው ጻፉት፦ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው።» አራት ነጥቧ ከፊደሎቹ ትደምቃለች።

ቀጥሎ የከዘራ ጉዳይ ተነሳ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ ሰልፍ የሚወጣ ሰው መሣሪያ መያዝ የለበትም ይላል። ጋሽ መምህር ያለ ከዘራ ደጅ አይወጡም።

«ከዘራ መሣሪያ ነው እንዴ?» አሉ ሲስተር።

«ያለነው ጎጃም ነው። በማን እጅ እንዳለ ታይቶ ነው የሚወሰነው።»

ሕግ አክባሪ ናቸውና ከዘራው ቤት ዋለ። በከዘራው ፋንታ የሲስተርን ክንድ ያዙ። ባልና ሚስት ክንድ ለክንድ ተያይዘው በሰፈር ሲያልፉ ያየ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ከሰልፉ ይልቅ ለሳምንት ቡና ላይ የተወራው እሱ ነው።

ጋሽ መምህር ሙሉ ሱፍ በክራቫት ለበሱ። ሲስተር ነጠላቸውን አጣፉና ከሥር ሸራ ጫማ አደረጉ። «በነጠላ ላይ ሸራ?» ስላቸው «ካስሮጡን» አሉኝ። ነሐሴ 1 ቀን 2008 ባሕር ዳር ሰልፈኛ ላይ ሲተኮስ ሥራ ላይ ነበሩ። ከዚያ በላይ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የሰልፉ ቀን ንጋት ላይ፣ 12 ሰዓት ገደማ፣ የሰፈሩ ቧንቧዎች ባንድ ጊዜ ሳል ጀመሩ። ሁለት ሦስቴ አሳላቸው። ከዚያ ውሃ መጣ።

እናንተ ሆዬ፣ ያን ጊዜ ሰፈሩን ማየት ነበር! ጀሪካኑ፣ በርሜሉ፣ ሳፋው፣ ባልዲው፣ ድስቱ፣ የሕፃን ገላ ማጠቢያው ሳይቀር ወጣ። በባዶ ጀሪካን ተሰልፈን እናሳፍራቸዋለን የተባለው ሁሉ ጀሪካኑ ሞላ። የሞላ ጀሪካን ደግሞ መፈክር አይሆንም፤ ክብደቱም አይቻልም። የሰልፉ አስተባባሪ ራሱ በካናቴራ ሆኖ ምንጣፍ ሲያጥብ ታየ።

የጋሽ መምህር ቤት ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ግፊቱ ስለሚደክም ውሃ የሚደርሳቸው ታች ያለው ሰፈር ጠግቦ ሲዘጋ ነው። ሲስተር ቧንቧውን ከፍተው ጠበቁ። ፉጨት ብቻ።

«መምህር፣ እርስዎ ይሂዱ። እኔ ልጠብቅ።»

«እርስዎ» አሏቸው፣ ልብ በሉ። ጋሽ መምህር ምንም ሳይመልሱ መፈክራቸውን አነሱና በሩ ላይ ቆሙ። ሲስተር አጉረመረሙ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወጡ።

ሰልፉ የተጠራው ለ2 ሰዓት ነበር። እነሱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። የደርግ ሰው አያረፍድም። ጋሽ መምህር ዙሪያውን አዩና «ስም የሚጠራው ማነው?» አሉ። የሚጠራም የሚጠራለትም አልነበረም። 4 ሰዓት ሲሆን የተሰበሰበው ሰው ይህ ነው፦ ባልና ሚስቱ፣ ጥቂት ወጣቶች፣ አንድ ሊስትሮ፣ ተሳፋሪ ይኖራል ብሎ የቆመ ባለባጃጅ፣ እንዲሁም ሰልፍ ካለ ዘይት መጥቷል ብለው የደረሱ አንድ እናት።

ፖሊሱ ከሰልፈኛው ይበዛል። ደግሞ ችግሩ የትንሽ ከተማ ሰልፍ መሆኑ ነው። ማን ላይ ይጮሃል? ሲስተር ፖሊሶቹን አንድ በአንድ ቃኙና ድምፃቸውን ሳይቀንሱ «ያንን ረጅሙን አየኸው? እኔ ነኝ የወጋሁት» አሉ። ሰልፈኛው ደነገጠ። «የኩፍኝ» ብለው ጨመሩ። «አለቃቀሱ ደግሞ!» ልጁ ወደ ዘንባባዎቹ ዞሮ ቆመ።

ትንሽ እንደሄዱ የሲስተር ጫማ ማሰሪያ ተፈታ። ጎንበስ ሲሉ ያው ረጅሙ ፖሊስ ሮጦ መጣና «እማማ፣ ልያዝልዎ» ብሎ መፈክሩን ተቀበላቸው። አስረው እስኪቀኑ ድረስ ቀጥ ብሎ፣ ካርቶኑን ደረቱ ላይ ይዞ ጠበቀ። በዚያች ቅጽበት አንዱ ወጣት ፎቶ አነሳ። ፎቶውን ያየ ሁሉ ፖሊስ ውሃ ጠምቶት ሰልፍ የወጣ መስሎታል። መስሎታል ልበል እንጂ፣ እሱስ የሚኖረው የት ሆነና?

መሥሪያ ቤቱ ሲደርሱ ኃላፊው ራሱ ወጣ። ሰልፈኛውን አየ፤ ጋሽ መምህርን አየ፤ እጁን ከኪሱ አወጣ።

«ቲቸር!»

የስምንተኛ ክፍል ተማሪያቸው ነበር። ሰላምታው ራሱ የሰልፉን ያህል ፈጀ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። የእናቱ ጤና፣ የወንድሞቹ ሥራ፣ የእሳቸው ስኳር ሁሉ ተጠየቀ። ወጣቶቹ መፈክር መጮህ ጀምረው ነበር፤ ነውር መስሏቸው ዝም አሉ። ባልና ሚስቱ ቢሮ ገብተው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ሃይላንድ ውሃ ቀረበ። ሲስተር ያንዱን ክዳን እንኳ ሳይከፍቱ ሁለቱንም ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ውኃውስ?» አሉ ጋሽ መምህር።

«ቲቸር፣ እየተሠራበት ነው። ጥናቱ ተጠንቷል። የፓምፕ ችግር አለ፣ መብራት ይቆራረጣል፣ የውጭ ምንዛሪም...»

ጋሽ መምህር አገጫቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙት። «መቼ ይመጣል ነው ጥያቄው። ያልተጠየቀ ነው የመለስከው። ያኔም እንዲህ ነበርክ» አሉት። ኃላፊው የስምንተኛ ክፍል ፈገግታውን ፈገግ አለ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ሲደርሱ ውሃው ሄዷል። በርሜላቸው ደረቅ ነው። አንድ ጀሪካን ያበደረቻቸው ጠላ የምትጠምቀው ጎረቤታችን ናት። ሰልፉን የቀረችው በጌሾ ምክንያት ነው። ጀሪካኑን የሰጠቻቸው ግን «እኔ ብወጣ ኖሮ ዛሬ ምን ትሆኑ ነበር?» ከሚል ስብከት ጋር ነው።

ታዲያ ይህችው ሴት ናት ምስጢሩን የደረሰችበት። በሳምንቱ ቧንቧው እንደገና ሲደርቅ ጋሽ መምህር በር ላይ መጥታ ቆመች። «ጋሼ፣ ያኔ ውሃው የመጣው ሰልፉን ሰምቶ አይደል? እስቲ አንድ ደብዳቤ ጣል ያድርጉልን።» ደብዳቤው ገባ። 48 ሰዓቱ ሳይሞላ ቧንቧው አሳለ። ሰፈሩ በርሜሉን ይዞ ወጣ። ጋሽ መምህርና ሲስተር ደግሞ፣ ያሳወቁትን የሚያጥፉ ሰዎች አይደሉምና፣ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሁለት ብቻቸውን ሄደው ተመለሱ።

አሁን ነገሩ ሥርዓት ይዟል። እድሩ ተሰብስቦ በቃለ ጉባኤ አስፍሮታል፦ ባልና ሚስቱ ሰልፍ በወጡ ቀን በርሜላቸው በተራ ይሞላል፤ የፎቶ ኮፒው ወጪ ከእድሩ ካዝና ይሸፈናል። በወረቀቱ ዋጋ ላይ ትንሽ ክርክር ነበር። ትልቁ ክርክር ግን የተነሳው ለፋሲካ ነው። ቅዳሜ ማታ ዶሮ ይታጠባል፤ ዶሮ ደግሞ ውሃ ይፈጃል። እንግዲህ ደብዳቤው ረቡዕ ይግባ ተባለ። ጋሽ መምህር በጣታቸው ቆጠሩና ፊታቸው ተለወጠ።

«ረቡዕ ከገባ ሰልፉ የሚውለው ስቅለት ዕለት ነው። ስቅለት ዕለት ማነው ሰልፍ የሚወጣው? ሁላችንም ስግደት ላይ ነን።»

«ኧረ ጋሼ፣» አለች ባለጠላዋ፣ «መውጣቱን ማን ጠየቀዎት? እርስዎ ብቻ ያሳውቁ!»