ዕድራችን ለሞተ ብቻ ነውን?

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ጠዋት ሳቢያን በሚገኘው የዕድራችን ቤት ተሰብስበን ከአንድ ሰዓት በላይ የተከራከርነው ስለ ድንኳን ነበር። ሁለት አለን፤ ሦስተኛ ይገዛ ወይስ አይገዛ ነው ጉዳዩ። የድሬዳዋን ፀሐይ ታውቁታላችሁና ሸራው ይወፍር ይሳሳ የሚለው ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ታይዋን ገበያ አጠገብ ሳምቡሳ እየጠበሰች የምትሸጥ አንዲት እናት በመሐል ገባች፤ በፌስታል የጠቀለለችውን የወር መዋጮ ፈትታ ቆጠረች፣ ስሟ መዝገብ ላይ እስኪሰፍር ቆማ ተመለከተች፣ ከዚያም ወደ ምጣዷ ተመለሰች።

የዚህች እናት ልጅ አምና ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር። ዘንድሮ ቤት ናት።

አልወደቀችም። የተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ ከዚህ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ አዲስ አበባ ለመድረስ ብቻ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ለሁለተኛ ዓመት ስትጠራ ከዚህም ከዚያም ተሰባስቦ የመሳፈሪያው ግማሽ ተገኘ፤ ሌላው ግማሽ ሲፈለግ የምዝገባው ቀን አለፈ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው ከተፈታኙ 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበር አንዘንጋ። እንዲህ ያለውን ወንፊት ያለፈች ልጅ ናት እንግዲህ በአውቶቡስ ትኬት የቀረችው።

ለሰው ስነግር «የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነጻ አይደለም እንዴ?» ይለኛል። ነጻ እንኳ አይደለም፤ ዱቤ ነው። በወጪ መጋራት ደንብ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶውን ወደፊት ሊከፍል ውል ይፈርማል፤ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። በዚህ ቅር አይለኝም፤ የተማረ ይክፈል። ነገር ግን ዱቤው የሚሠራው ከዩኒቨርሲቲው በር ወዲያ ነው። እስከ በሩ ያለው መንገድ፣ ሳሙናው፣ ፎቶ ኮፒው፣ የሞባይል ካርዱ፣ ሴት ልጅ በየወሩ የምትገዛው ሞዴስ በጥሬ ገንዘብ ነው። ለዚህ የሚፈረም ውል የለም። የዩኒቨርሲቲው ካፌ ገብቶ የሚበላ ልጅ አይራብም ይሆናል፤ ኪሱ ባዶ የሆነ ልጅ ግን መጀመሪያ ፎቶ ኮፒውን ይተዋል፣ ቀጥሎ ለበዓል አገሩ መግባቱን፣ በመጨረሻም ትምህርቱን።

ሐዘን ሲገባ ዕድራችን የሚያደርገውን እንይ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበሩ ይደረደራል፣ ብረት ድስቱ ከመጋዘን ይወጣል፣ ገንዘብ ያዡ ብሩን ቆጥሮ ያስረክባል። ማንም ማስረጃ አምጡ አይልም። እንዲህ የሚፈጥን ባንክ አላየሁም። ሐረር ጎረቤቶቻችን ዘንድ ደግሞ አፎቻ የሚሉት እንደ ዕድር ያለ መረዳጃ ማኅበር አለ፤ አፎቻ ለቀብርም ለሠርግም ይደርሳል። ለደስታም መድረስ ለዚህ አካባቢ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ስለዚህ እጄን አውጥቼ ሐሳብ አቀረብሁ፦ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ሲወጣ ዕድሩ ለአባል ልጅ የመሄጃና የመመለሻ ትኬት ይቁረጥ። ብድር አይሁን። ብሩም በእጅ አይሰጥ፤ ትኬቱ ይገዛ።

አንድ አዛውንት «መተዳደሪያ ደንባችን ለሐዘን ነው የሚለው» አሉ። ደንቡን የጻፍነው እኛው ነን፤ ድስትና ሰሃን እናከራይ ብለን አንዴ አሻሽለነዋል። የዕድሩ ዳኛ ፍርሃት ግን ከዚህ ይከብዳል፦ «የማን ልጅ ተመርጦ የማን ይቀራል? ጸብ ነው የምታመጣብን።» እውነታቸውን ነው። ድሃ የሚመርጥ ኮሚቴ ከተቋቋመ ዘመድ አዝማዱ ቀድሞ ይሰለፋል፤ የእውነት የቸገራት እናት ደግሞ ድህነቷን በሰው ፊት ከምትዘረዝር ብትቀር ትመርጣለች። እኔ የምለው ግን ማንም አይመረጥ ነው። የተጠራ የአባል ልጅ ሁሉ ይውሰድ። ባለ ቪላውም ይውሰድ፤ ድንኳኑን ባለ ቪላው ይጠቀምበት የለምን? ወጪው ይበዛል የሚል ካለ፣ በዓመት ከሠፈራችን ለዩኒቨርሲቲ የሚጠሩትን ልጆች ይቁጠር፤ ጣቶቹ ይበቁታል።

ድንኳኑ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ። የእኔን ሐሳብ ጸሐፊው «ለሚቀጥለው ስብሰባ» ብለው ደብተራቸው ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፉት። የሚቀጥለው ስብሰባ የዩኒቨርሲቲዎች ጥሪ ከመውጣቱ በፊት ስለሆነ ያቺን እናት ምጣዷ ድረስ ሄጄ ጠይቄያታለሁ፤ እስከ መጨረሻው ልትቀመጥ ቃል ገብታልኛለች።