እርማት፦ የሹሩባው ለቅሶ ቅብጠት አይደለም

እህቴ፣ «ልጅቷ ሹሩባ ስትሠራ የምትጮኸው ስላቀበጧት ነው፤ ቆንጠጥ ስትደረግ ትተዋለች» ላልሽው እርማት አለኝ። የአንዳንድ ሕፃን አንጎል ንክኪንና ድምፅን አጉልቶ ይቀበላል። የማበጠሪያ ጥርስ፣ የካልሲ ስፌት፣ የድምፅ ማጉያ ጩኸት ከልብ ያስጨንቀዋል፤ ያሳምመዋልም። ሌላው ደግሞ የሚደርሰው ስሜት ስለሚያንሰው ሲሽከረከርና ከግድግዳ ጋር ሲላተም ይውላል፤ እርሱንም «ረባሽ» እንለዋለን! አሜሪካዊቷ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (ሰዎች የዕለት ተዕለት ተግባራቸውን መከወን እንዲችሉ የምታግዝ ባለሙያ) ጂን አይረስ ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ አጥንታዋለች። ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ በብዛት ይታያል፤ ይህ የሚታይበት ልጅ ሁሉ ግን ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም። ቁንጥጫ ፍርሃት ይጨምርባታል እንጂ ሕመሙን አይቀንስላትም። ይልቅ ፀጉሯን አርጥባችሁ በቅባት አለስልሱት፤ ከመጀመራችሁ በፊት ራሷን በመዳፍ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙላት፤ ስንት ጉንጉን እንደቀረም እየቆጠራችሁ ንገሯት።