ይድረስ ለክቡር «ፋይሉን መክፈት አልተቻለም»

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እኔ፣ የጦሳ ተራራ ብርድና እርስዎ ባይኖሩ፣ በጣም ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልዎ ደሴ ፒያሳ ካለችው የሰርግ ቪዲዮ ቤታችን ነው። ማታ ስክሪፕት፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር፣ ለቀን እንሄዳለን። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው የቪዲዮ ፕሮግራም ክሊፑን ሲቆርጥ፣ ድምፁን ሲያስተካክል ያድራል፣ እኛም ጋቢያችንን ተከናንበን እንተኛለን። ሐሳቡ ይህ ነበር። ጠዋት ስንመጣ ግን የኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ እርስዎ፣ የስህተት መልእክቱ፣ ብቻዎን ቁጭ ብለዋል። ፋይሉን መክፈት አልተቻለም። ለምን? እሱን እናንተ ድረሱበት!

ፋይሉ እኮ አለ። እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው። በእጄ ሁለቴ ስጫነው ይከፈታል፣ ሙሽራዋ ትስቃለች፣ ሚዜዎቹ ይጨፍራሉ። እርስዎ ግን የለም ካሉ የለም ነው፤ መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ «ፋይሉ ጠፍቷል፣ ነገ ተመለስ» እንደሚል የመዝገብ ቤት ሰው።

ለመሆኑ አማርኛ ምን በደለዎት? ፎልደሩን «የሐይቅ ሰርግ» አልነው። ሰው እንዲህ ነው የሚሰይመው። ስሙ በጥቅስ ካልታጠረ ግን ክፍት ቦታዋ ጋ ሲደርሱ ያቆማሉ፣ «የሐይቅ» የሚባል ነገር ፈልገው አጣሁ ይላሉ። እሺ፣ አጠርነው። ከዚያ ደግሞ አቪሲንዝ በሚባለው ሌላ የቪዲዮ ፕሮግራም በኩል መጡ። እሱ በድሮ ልማዱ የፋይል ስም የሚያነበው በዊንዶውስ የቀድሞ የፊደል ሰንጠረዥ ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ ግዕዝ ቦታ የለውም። ስለዚህ ፊደላችን በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ አረፈው። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ የጥያቄ ምልክት ጨርሶ አይፈቅድም! ሊኖር የማይችል ፋይል ሲፈልጉ አድረው፣ ጠዋት እኛን ይከሳሉ። አሁን ሁሉንም በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ መሰየም ጀምረናል። ደስ ይበልዎ።

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ ትናንት ድራይቭ «ኢ» ነበር። ዛሬ ፎቶ ሊያሳጥብ የመጣ ደንበኛ ፍላሹን ቀድሞ ሰካና «ኤፍ» ሆነ። ስክሪፕቱ ላይ የተጻፈው «ኢ» ነው። ዞር ብሎ ማየት ነበር እኮ!

የኮምቦልቻው ግን አንጀት ይበላል። መልሱ እየተቀረጸ የካሜራው ባትሪ መሃል ላይ ሞተ። ፋይሉ ትልቅ ነው፣ ምስሉም ድምፁም ውስጡ አለ። ነገር ግን ኤምፒ4 የሚባለው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት «ሙቭ» የሚባል ማውጫ አለው፤ ካሜራው ይህን የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ ቀረጻው ሲቆም ነው። እሱ ካልተጻፈ የትኛው ምስል የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ኤፍኤፍኤምፔግ እንኳ «ሙቭ አተም ኖት ፋውንድ»፣ ማውጫው አልተገኘም፣ ብሎ በሽታውን ይናገራል። ያን ያወቀ ሰው በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ሴቲንግ የተቀረጸ ጤነኛ ፋይል አጠገቡ አድርጎ አንትራንክ በሚባል የቪዲዮ መጠገኛ ፕሮግራም ይሞክረዋል፣ ብዙ ጊዜም ይድናል። የተበላሸው ፋይል ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ላይ ሲደርስ ግን ያው እርስዎ ብቅ ይላሉ።

ይህን ሁሉ ስንታገል የሙሽራዋ እናት ደወሉ።

«የኔ ልጅ፣ አለቀ?»

«አብሽሩ እማማ፣ ትንሽ ቀረው።»

«ምኑ ነው የቀረው?»

ምን ልበላቸው? ሙቭ አተም ልበላቸው?

«ዘመድ ሊያይ ቤቴ ይመጣል እኮ!»

የምንለምንዎ ብዙ አይደለም። የፈለጉትን ፋይል ሙሉ አድራሻ ይጻፉልን፣ ከነድራይቩ ከነፎልደሩ። ጭራሽ አላገኙትም፣ ወይስ አግኝተው ማንበብ አቃተዎት? ሁለቱን ለይተው ይንገሩን። ሌላውን እኛ እንወጣዋለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለወንድምዎ ለ«ያልታወቀ ስህተት»
ባሉበት