የምርምር ካሜራ ስንገዛ ስለ ሰዓቱም እንጠይቅ

ከእንጦጦና በአካባቢው ካሉ ተራሮች ተነሥተው ወደ ደቡብ የሚፈሱት ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን አልፈው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይዘልቃሉ። በበጋ በብዙ ቦታ በእግር ሊሻገሯቸው የሚቻሉት እነዚህ ወንዞች በሐምሌና በነሐሴ ደራሽ ውኃ ሲሞላቸው የፍሰት መለኪያ ይዞ ወደ መሐል መግባት ለሕይወት ያሰጋል፤ ውኃው የሚያመጣው ግንድና ጎማም መሣሪያውን ይሰብረዋል። ስለዚህ ከድልድይ ላይ ሆኖ ውኃውን ሳይነካ የሚለካ ካሜራ ለአቃቂ ዓይነት ወንዝ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። የማልስማማው ካሜራው በሚመረጥበት መንገድ ነው። ያየኋቸው የግዢ ሰነዶች ስለ ሜጋፒክስል በዝርዝር ይጠይቃሉ፤ ስለ ጊዜ ግን አንድ መስመር እንኳ የላቸውም።

ልኬቱ የሚሠራው በውኃው ወለል ላይ የሚንሳፈፈውን አረፋና ቅጠል በተከታታይ ምስሎች ላይ በመከታተል ነው። በሁለት ምስሎች መካከል የተሄደው ርቀት በመካከላቸው ላለፈው ጊዜ ሲካፈል የወለሉ ፍጥነት ይገኛል፤ ይህ ፍጥነት ከታችኛው ውኃ ፍጥነት ስለሚበልጥ አብዛኛውን ጊዜ በ0.85 ገደማ ይባዛል፤ በመጨረሻም ከወንዙ ወርድና ጥልቀት ጋር ተደምሮ ሳይሆን ተባዝቶ በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ ውኃ እንደሚያልፍ ይነግረናል። በሰከንድ 30 ምስል በሚያነሣ ካሜራ በሁለት ምስሎች መካከል ያለው ጊዜ 33 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ቅጠል 10 ሴንቲሜትር ከሄደ ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሜትር ነው። ምስሎቹን ከካሜራው የሚቀበለው ኮምፒውተር ሥራ በዝቶበት አንዱን ምስል ቢጥልና መጣሉን ባይመዘግብ ግን ቅጠሉ በዚያው 33 ሚሊሰከንድ 20 ሴንቲሜትር የሄደ ይመስላል፤ ውጤቱም 6 ሜትር ይሆናል። ወንዙ ምንም ሳይጨምር ጎርፉ በወረቀት ላይ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ስሕተት ሜጋፒክስል አያርመውም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል። 1920 በ1080 የሆነ ባለቀለም ምስል ሳይታመቅ በሰከንድ 30 ጊዜ ሲነሣ ወደ 190 ሜጋባይት የሚጠጋ መረጃ በየሰከንዱ ይፈስሳል፤ ካሜራው 12 ሜጋፒክስል ሲሆን ይህ ከአምስት እጥፍ በላይ ያድጋል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ርካሽ ካሜራዎች ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነቡት የምስሉ ራስጌና ግርጌ የተለያየ ቅጽበት ናቸው። ለሠርግ ቪዲዮ ግድ የለም። ለልኬት ግን ሙሉውን ምስል በአንድ ቅጽበት የሚይዝ ካሜራ፣ የተነሣበትም ሰዓት በካሜራው ውስጥ የሚታተምበት ምስል ያስፈልጋል።

ፈጣን ፕሮሰሰር መግዛት ብቻውን እንደማይበቃ ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1997 ማርስ ላይ ያረፈችው የአሜሪካ መንኮራኩር ፓዝፋይንደር ናት። ኮምፒውተሯ በየጊዜው ጠፍቶ እንደገና ይነሣ ነበር። የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰበስበው ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ አንድ የጋራ መገልገያ እንደያዘ፣ መካከለኛ ቅድሚያ ያላቸው ሥራዎች ፕሮሰሰሩን ይወስዱበታል፤ መገልገያውን የሚጠብቀው ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራም የጊዜ ገደቡ ያልፍበታል። መሐንዲሶቹ ከምድር ሆነው ያስተካከሉት መገልገያውን የያዘው ሥራ የጠባቂውን ቅድሚያ ለጊዜው እንዲወርስ በማድረግ ነው። የካሜራው ኮምፒውተር በሚቀመጥበት በወንዝ ዳር ሣጥን ውስጥም ምስሉን ሜሞሪ ካርድ ላይ የሚጽፈው ፕሮግራም ምስል የሚቀበለውን ሊያስቆመው ይችላል። ደግነቱ ይህን ለመቆጣጠር የሚረዳው ሊኑክስ የተባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ማሻሻያ ለዓመታት ተለይቶ ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2024 በዋናው ሊኑክስ ውስጥ ተካቷል፤ የፈቃድ ክፍያም አይጠይቅም።

ምስሉን ሁሉ መሐል ከተማ ወዳለ ሰርቨር ልከን እዚያ እናስላው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ጥናቱ ለመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ምስሉ ከነሰዓቱ ተቀምጦ ከሳምንት በኋላ ቢሰላም አይከፋም። ለታችኛው ተፋሰስ ነዋሪ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ከሆነ ግን ስሌቱ ወንዙ ዳር መሆን አለበት፤ በከተማው ዳርቻ መብራትና ኔትወርክ የሚጠፉት ብዙውን ጊዜ ዝናቡ ሲበረታ፣ ማለትም ልኬቱ በሚፈለግበት ሰዓት ነውና። ባትሪ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ፍጥነቱንና የውኃውን ከፍታ በየደቂቃው እንደ አጭር መልእክት ቢልክ ደካማ ኔትወርክም ይበቃዋል። በወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡና አትክልት የሚያለሙ ሰዎች ምስልም ከቦታው አይወጣም፤ ይህን የምለው እንደ ተጨማሪ ጥቅም ሳይሆን እንደ ግዴታ ነው።

በአቃቂ ቃሊቲ በኩል የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስለሚገኝ የፍተሻውን ሥራ የሚሠሩ ተማሪዎች ከወንዙ ሩቅ አይደሉም። ርክክቡ ከመፈረሙ በፊት፣ በጂፒኤስ ሰዓት የሚመራ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ካሜራው ፊት ይቁም፤ ኮምፒውተሩ ሆን ተብሎ በሌላ ሥራ ይጨናነቅ፤ የኤሌክትሪክ መስመሩም ይነቀል። ከዚያም በመብራቱ ብልጭታና በምስሉ ላይ በታተመው ሰዓት መካከል ሌሊቱን ሙሉ ከተመዘገቡት መዘግየቶች አማካዩ ሳይሆን ረጅሙ፣ ከተጣሉት ምስሎች ብዛት ጋር፣ በርክክቡ ሰነድ ላይ ይጻፍ። አቅራቢው በውሉ ከገባው ገደብ ካለፈ ዕቃው ይመለስ።